አስቸኳይ፦ የብረት አዮን ኤሌክትሮን ኮንፊግሬሽን (የኤሌክትሮኖች አደራደር) አልመጣልኝም

የቆጪዋ ተማሪ፦ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል የኬሚስትሪ ፈተና አለብኝ፤ ጅማ እኛ ሰፈር መብራት ስለጠፋ የስልኬ ባትሪ ሳያልቅ ድረሱልኝ። የብረትን አዮን ስሠራ ከአርጎን ቀጥሎ 4ኤስ² 3ዲ⁴ አገኛለሁ፣ የመልሱ ወረቀት ግን 3ዲ⁶ ብቻ ይላል። ወረቀቱ የተሳሳተ መሆኑን የሚያረጋግጥልኝ ሰው አለ?

ጡረተኛ መምህር፦ ልጄ፣ ጥያቄ ሲጻፍ የአዮኑ ቻርጅም (ፕላስ 2 ወይስ ፕላስ 3) አብሮ ይጻፋል፤ ብረት ሁለትም ሦስትም ኤሌክትሮን አጥቶ አዮን ይሆናልና። በእኛ ጊዜ ተማሪ ሳይቸኩል በመጀመሪያ አቶሚክ ቁጥሩን ያሰፍር ነበር፤ የብረት 26 ነው፣ 18ቱ እንደ አርጎን ይደረደራሉ፣ ከቀሩት 8 ደግሞ ሁለቱ 4ኤስ የሚባለውን የኤሌክትሮን ቦታ፣ ስድስቱ 3ዲን ይይዛሉ፤ ከላይ የሚጻፈው ትንሽ ቁጥር የኤሌክትሮኖቹ ብዛት ነው። ያንቺ መልስ ከአርጎን 18 ጋር ሲደመር 24 ስለሚሆን፣ ማለትም ከ26ቱ ሁለት ስለጎደለ፣ የጠየቅሽው ፕላስ 2 መሆኑን ከዚያ ተረዳሁ።

ባለባጃጁ፦ ባጃጅ ውስጥ ቀድሞ የገባ ሰው ወደ ውስጥ ስለሚጠጋ የሚወርደው መጨረሻ ነው። 4ኤስም ቀድሞ ስለሞላ መጨረሻ ይውረድ፤ እኔ ከልጅቷ ጋር ነኝ።

የሄርማታው፦ ከ4ኤስ ቀንሺ።

ላብራቶሪ ረዳት፦ ወንድሜ፣ በምሳሌዎ ልጅቷን ይበልጥ አሳሳቷት። ባጃጅም ቢሆን ቀድሞ የሚወርደው በሩ አጠገብ የተቀመጠው ነው እንጂ መቼ እንደተሳፈረ የሚጠይቀው የለም። 4ኤስ አራተኛው ሼል (የኤሌክትሮን ንብርብር) ላይ ስለሆነና 3ዲ ኤሌክትሮን ከያዘ በኋላ ከ4ኤስ ይልቅ ወደ ኒውክሊየሱ ስለሚሳብ፣ አቶሙ አዮን ሲሆን በሩ ላይ ያሉት የ4ኤስ ሁለቱ ይወጣሉ፤ 3ዲ⁶ ሳይነካ ይቀራል። ስለዚህ ወረቀቱ አልተሳሳተም። ሁልጊዜ የአቶሙን ሙሉ አድርገሽ ጻፊ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ቀንሺ፤ 24 ኤሌክትሮን አለኝ ብለሽ ከታች ጀምረሽ ከሞላሽ አሁን ያጋጠመሽ ይደገማል።

የሄርማታው፦ እኔም ያልኩት ከ4ኤስ ትቀንስ ነው።

ጡረተኛ መምህር፦ ክሮሚየምና መዳብ ፈተና ላይ አይጠፉምና ተጠንቀቂ፤ አቶሞቹ 3ዲ⁵ 4ኤስ¹ እና 3ዲ¹⁰ 4ኤስ¹ ናቸው እንጂ 4ኤስ² የላቸውም።

የቆጪዋ ተማሪ፦ ባትሪዬ 3 ከመቶ ደርሷል። ፕላስ 3 ከሆነስ ሦስተኛው ከየት ይወጣል?

ላብራቶሪ ረዳት፦ 4ኤስ ባዶ ስለሆነ ከ3ዲ ይወጣል፤ 3ዲ⁵ ይሆናል፣ አምስቱም የ3ዲ ኦርቢታሎች (የኤሌክትሮን ክፍሎች) አንድ አንድ ኤሌክትሮን ይይዛሉ።

ባለባጃጁ፦ ስልኳ ሳይዘጋ አይታው ይሆን?