አሮጌ ብስክሌት ላይ አዲስ ፍሬን መግጠም አቃተኝ፤ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። ከአባቴ የወረስኩትን፣ ዕድሜው ወደ 50 ዓመት የሚጠጋ የብረት ብስክሌት መልሼ መንገድ ላይ ለማውጣት እየደከምኩ ነው። አሮጌው ፍሬን ዝናብ ሲነካው ጭራሽ አይዝም። ባለፈው ሳምንት ቁልቁለት ላይ እጀታውን እስከ መጨረሻው ጨብጬው ብስክሌቱ ዝም ብሎ ሲወርድ ልቤ ልትወጣ ነበር። ስለዚህ የብረቱን ቸርኬ በአልሙኒየም ለወጥኩ፤ አዲስ ፍሬንም ገዛሁ።

የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው። በጥንቱ ባለ 27 ኢንች ቸርኬ ላይ ጎማው የሚያርፍበት ዲያሜትር 630 ሚሊ ሜትር ነበር፤ የአዲሱ 622 ነው። ስለዚህ የቸርኬው ጠርዝ ከፍሬኑ ብሎን በ4 ሚሊ ሜትር ራቀ። ከብሎኑ ቀዳዳ እስከ ጠርዙ ስለካ 54 አገኘሁ፤ የገዛሁት ፍሬን ክንድ ግን ከ49 አያልፍም። የፍሬኑን ሸራ (ቸርኬውን የሚይዘውን ላስቲክ) እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጌ ሳስረውም ቸርኬውን ሳይሆን ጎማውን ይፍቃል፤ ጥቁር ዱቄቱ ጣቴ ላይ ቀረ።

ክንዱ ከ47 እስከ 57 በሚደርስ ፍሬን ልለውጠው ወስኛለሁ። የሚያሳስበኝ ብሎኑ ነው። የአዲሶቹ ብሎን አጭር ስለሆነ ከኋላ ወደ ውስጥ በሚገባ ዳዶ ይታሰራል፤ ለዚያ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያስፈልጋል፤ የእኔ 6 ብቻ ነው። የፊት ሹካውን ከጀርባው በኩል ብቻ ማስፋት ይቻላል። የኋላው ድልድይ (የኋላ ፍሬን የሚታሰርበት አግዳሚ) ግን ቀጭን ቱቦ ነውና እጄ አልደፍር አለ።

ድልድዩን ሰርስራችሁ የጸናላችሁ አላችሁ? ወይስ ረጅም ብሎን ያለው ፍሬን ብፈልግ ይሻላል? የአባቴን ቴላዮ (የብስክሌቱን ዋና አካል) አንዴ ካበላሸሁት ምትክ የለኝም።