ቀለም መቀባት እድሳት ነው? የድሮ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ድራማዎች ክርክር

አወያይ፦ የዛሬው መነሻ ይህ ነው። ቢቢሲ በኖቬምበር 2023 ከ1963 መጨረሻ እስከ 1964 መጀመሪያ በጥቁርና ነጭ በ7 ክፍል የተላለፈውን «ዘ ዳሌክስ» የተባለ የዶክተር ሁ (በጊዜ ውስጥ ስለሚጓዝ «ዶክተር» የሚተርክ ተከታታይ ድራማ) ታሪክ ቀለም ቀብቶ በ75 ደቂቃ አሳየው። በዲሴምበር 2024 ደግሞ የ1969ኙን ባለ10 ክፍል «ዘ ዋር ጌምስ» በ90 ደቂቃ ደገመው። እድሳት ነው እንበል ወይስ አዲስ ሥራ? ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። «የድሮው ይሻላል» ብሎ ብቻ መሄድ ክልክል ነው፤ ምክንያት ይቅረብ።

መስመር405፦ እድሳት አይደለም። እድሳት ጭረት መድፈን፣ አቧራ ማንሳት፣ የሚንቀጠቀጠውን ምስል ማርጋት ነው። እነዚህ ድራማዎች ለግራጫ ነው የተሠሩት፤ መብራቱም ልብሱም የግድግዳው ቀለምም ካሜራው ላይ ምን ዓይነት ግራጫ ይሆናል ተብሎ ነው የተመረጠው። አንድ ማስረጃ ልስጥ። የዶክተሩ የጊዜ መርከብ መቆጣጠሪያ ጠረጴዛ በስክሪኑ ላይ ነጭ ይመስላል። ዕቃው ግን ፈዛዛ አረንጓዴ ነበር፤ ንጹሕ ነጭ በዚያን ዘመን ካሜራ ላይ ስለሚያንጸባርቅ ነው አረንጓዴ የተቀባው። እንግዲህ ቀለም ቀቢው ምን ያድርግ? አረንጓዴ ካደረገው ተመልካቹ አይቶት የማያውቀውን ነገር አሳየ፤ ነጭ ካደረገው ደግሞ ስለ ዕቃው ዋሸ። ከሁለቱ የትኛው ነው «መመለስ» የሚባለው?

ቀይ ቁልፍ፦ ዋናውን ማን ነካው? ጥቁርና ነጩ በዲስክም በአይፕሌየርም (የቢቢሲ የኢንተርኔት ማሳያ) ቁጭ ብሏል፤ የፈለገ እሱን ይይ። ደግሞ ሁሉም ነገር ግምት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ዳሌኮች፣ የዶክተሩ ጠላቶች፣ አካላቸው ብርማ፣ ጎናቸው ላይ ያሉት ግማሽ ኳሶች ሰማያዊ እንደነበሩ የታወቀ ነው። የ14 ዓመት ልጅ በ405 መስመር (የድሮ ቴሌቪዥን ስዕሉን የሚሠራባቸው አግድም መስመሮች) የተቀረጸ ግራጫ ድራማ ፊት 3 ሰዓት አይቀመጥም። በቀለሙ ከገባ ወደ ዋናው ይሄዳል።

ሰለሎይድ፦ ሁለታችሁም አንድ ትልቅ ነገር እያለፋችሁ ነው። ቀለም መቀባትና ፊልሙ ውስጥ የተደበቀውን ቀለም ፈልጎ ማውጣት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ በአንድ ቃል ስለምንጠራቸው ነው ክርክሩ የሚዞረው።

ከሥር ልጀምር። ቢቢሲ 2 ቀለም የጀመረው በ1967 ነው፤ ቢቢሲ 1 እና የንግድ ጣቢያው አይቲቪ በኖቬምበር 1969 ተከተሉ። ፕሮግራሙ የሚቀረጸው ባለ2 ኢንች ቴፕ ላይ ነበር። ቴፑ ውድ ስለሆነ፣ የተዋንያን ውልም ድራማውን ደጋግሞ ማሳየትን ስለሚገድብ፣ ቴፑ ተደምስሶ ሌላ ይቀረጽበታል። ለውጭ አገር ሽያጭ ግን ቅጂ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ አገር የራሱ የመስመር ቁጥር ስላለው የሁሉም ጣቢያ ማሽን የሚያነበው 16 ሚሊሜትር ፊልም ነበር። ስለዚህ የፊልም ካሜራ ከቴሌቪዥን ስክሪን ፊት ተደቅኖ ስክሪኑን ይቀርጻል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። በኋላ የቀለሙ ቴፕ ሲደመሰስ የቀረው ይህ ጥቁርና ነጭ ፊልም ብቻ ሆነ።

ጉዳዩ ወዲህ ነው። የቀለሙ መልእክት የሚጓዘው በ4.43 ሜጋኸርዝ ሞገድ ላይ ነው። ቅጂው ሲሠራ ይህ ሞገድ በማጣሪያ ካልታገደ በስክሪኑ ላይ እንደ ደቃቅ ነጠብጣብ ይታያል፤ ነጠብጣቡም ከስዕሉ ጋር ፊልሙ ላይ ይቀረጻል። ቀለሙ አልጠፋም፣ ነጠብጣቡ ውስጥ ተቀብሯል ማለት ነው። ፊልሙን በከፍተኛ ጥራት ስካን አድርጎ የነጠብጣቡን አቀማመጥ በኮምፒውተር ማስላት ነው። በ1969 በቀለም ተሠርቶ ጥቁርና ነጭ ቅጂው ብቻ የተረፈው የ«ዳድስ አርሚ» አስቂኝ ድራማ ክፍል፣ «ሩም አት ዘ ቦተም»፣ በ2008 በቀለም የተላለፈው በዚህ ዘዴ ነው።

መስመር405፦ እዚህ ላይ እጅ ሰጥቻለሁ። እሱን እድሳት ብሎ መጥራት ይቻላል፤ ቀለሙ በመጀመሪያም የነበረ ነውና። እኔ የተቃወምኩት በ1963 ያልነበረውን ነው።

ቀይ ቁልፍ፦ ነጠብጣቡ ካለ ታዲያ ለምን ሁሉም በዚህ አይሠራም? አንድ አዝራር ተጭኖ የሚያልቅ ነገር ነው እንዴ?

ሰለሎይድ፦ አዝራርማ ቢሆን ምኑ ገዶን። በአንድ መስመር የሚታየው ክፍል ላይ የቀለሙ ሞገድ ወደ 230 ጊዜ ይመላለሳል። የትኛው ቀለም እንደሆነ የሚነግረን ሞገዱ በየትኛው ነጥብ ላይ እንዳለ ነው። ሩብ ዑደት ከተዛነፈ ቀለሙ በቀለማት ክብ ላይ በ90 ዲግሪ ዞሮ ሌላ ቀለም ይሆናል። ሩብ ዑደት ማለት የስዕሉ ስፋት ለ920 ሲካፈል ነው፤ የ16 ሚሊሜትር ፊልም ስዕል ስፋቱ 10 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የሚሊሜትር መቶኛ ያህል ስህተት የሰው ፊት ለማበላሸት ይበቃል። አስቡት እንግዲህ፦ የተቀረጸው ስክሪን ጠርዙ ላይ ጠመዝማዛ ነው፣ ፊልሙ በ50 ዓመት ውስጥ ተኮማትሯል፣ በማሽኑ ውስጥም በየፍሬሙ (በየነጠላ ምስሉ) ትንሽ ይዘላል። ይህ ሁሉ መጀመሪያ መስተካከል አለበት። ካልተስተካከለ ከስዕሉ ግማሹ ትክክል ሆኖ ግማሹ ወይን ጠጅ ይሆናል።

ማጣሪያ ተገጥሞ ከተቀረጸ ደግሞ ነጠብጣቡ ጭራሹን የለም። የ1971ዱን የዶክተር ሁ ታሪክ «ዘ ማይንድ ኦቭ ኢቭል» ተመልከቱ፤ 6 ክፍል ነው፣ ከ2 እስከ 6 ያሉት ከነጠብጣቡ ወጡ፣ ክፍል 1 ግን ነጠብጣብ ስላልነበረው በሺዎች የሚቆጠሩ ፍሬሞች በእጅ ተቀብተው ነው ቀለም የያዘው። በአንድ ታሪክ ውስጥ ሁለቱም ሥራ ጎን ለጎን አለ። መስመር405፣ ይህን ክፍል 1 ምን ትለዋለህ? ቀለሙ በመጀመሪያ ነበረ፣ አሁን የምናየው ግን ቅብ ነው።

መስመር405፦ ... እሱ ከባድ ነው። ሌሎቹ 5 ክፍሎች ለልብሱም ለግድግዳውም ምስክር ስለሚሆኑ እቀበለዋለሁ። ሽፋኑ ላይ ግን ይጻፍ።

ሰዓት ቆጣሪ፦ እናንተ ቀለም ላይ ተቀምጣችሁ ዋናው ሌባ በጓሮ አለፈ። ሒሳቡን እንሥራ። 7 ክፍል በ25 ደቂቃ ቢታሰብ 175 ደቂቃ ነው። ወደ 75 ወረደ፤ 100 ደቂቃ ሄደ። የመግቢያና የመውጫ ርዕሱን፣ ያለፈውን ክፍል መጨረሻ እንደገና የሚያሳየውን ሁሉ በልግስና ብትቆጥሩት 15 ወይም 20 ደቂቃ ቢሆን ነው። ሌላው 80 ደቂቃ ታሪክ ነው። በ«ዘ ዋር ጌምስ» ደግሞ ከ250 ገደማ ወደ 90። ቀለሙን የማይወድ ሰው በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ቀለሙን ዜሮ ያደርገዋል። የተቆረጠውን 80 ደቂቃ በየትኛው ማስተካከያ ይመልሰዋል?

እነዚህ ታሪኮች በሳምንት አንድ ቀን እንዲታዩ ነው የተጻፉት። እያንዳንዱ ክፍል ጫፍ ላይ አንጠልጥሎ ይተዋል። ያንን አውጥተህ ስታያይዘው ሰዎቹ ያለ ዕረፍት ከመከራ ወደ መከራ ሲሮጡ ብቻ ነው የምታየው፤ አዲስ ሙዚቃ ከሥር ገብቶ ስፌቱን ይሸፍናል።

ቀይ ቁልፍ፦ የርዝመቱን ነገር አልከራከርም፤ 10 ክፍል በ90 ደቂቃ በዛ። 7ቱን ክፍል ሳይቆርጡ በቀለም ቢያቀርቡ ኖሮ የእኔ መልስ እንደዚያው ነበር፤ የሰዓት ቆጣሪም ቅሬታ አይኖርም ነበር።

ባለ4ለ3፦ ማንም ያላነሳው ቅርጹን ነው። የድሮው ስክሪን 4 ለ 3 ነው። ሰፊውን ስክሪን እንዲሞላ 16 ለ 9 ሲያደርጉት ከላይና ከታች የስዕሉ 25 ከመቶ ይቆረጣል። የቴምስ ቴሌቪዥን ባለ26 ክፍል የጦርነት ዘጋቢ ፊልም፣ «ዘ ወርልድ አት ዋር»፣ በብሉሬይ የወጣው እንዲህ ተቆርጦ ነው። የታሪክ ማስረጃ የሆነ ፊልም ሩቡ ተወሰደ፣ ጩኸቱ ግን የቀለሙን ያህል አልነበረም።

እንቅስቃሴውም አለ። በስቱዲዮ በቪዲዮ የተቀረጸ በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል ስለሚያሳይ ለስላሳ ነው፤ ወደ ፊልም ሲገለበጥ 25 ይሆንና ይሸካክራል። ቪድፋየር የሚባለው ዘዴ መሐል ያለውን አስልቶ 50ውን ይመልሳል። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከቤት ውጭ ያሉት ትዕይንቶች ብዙ ጊዜ በመጀመሪያውኑ በፊልም፣ በ25 ነበር የተነሡት። እነሱንም አብሮ ያለሰለሰ ሰው በ1960ዎቹ ማንም ያላየውን ሠራ። ትዕይንት በትዕይንት መለየት ግድ ነው።

አወያይ፦ ስለ ጥራት «ሁሉንም በፎር ኬ (በጣም ከፍተኛ የምስል ጥራት) አውጡልን» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር መጥቷል። ባጭሩ።

ሰለሎይድ፦ ባጭሩ፦ «ዘ ፕሪዝነር» እና «ተንደርበርድስ» የተባሉት የ1960ዎቹ ተከታታዮች በ35 ሚሊሜትር ፊልም ስለተሠሩ ፊልሙን እንደገና ስካን ማድረግ አዲስ ዝርዝር ያወጣል። በቪዲዮ የተቀረጸ የ625 መስመር ድራማ የሚታይ መስመሩ 576 ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያሳይ ሁሉ ኮምፒውተሩ ፈጥሮ የጨመረው ነው። ፊት ሰም የሚመስለው ለዚህ ነው። የ1970ው «ስፒርሄድ ፍሮም ስፔስ» ከዘመኑ ዶክተር ሁ ተለይቶ በእውነተኛ ከፍተኛ ጥራት የወጣው በሥራ ማቆም አድማ ምክንያት ሙሉ በሙሉ በ16 ሚሊሜትር ፊልም ስለተነሣ ነው። አድማ ባለውለታ የሆነበት ብቸኛ አጋጣሚ ሳይሆን አይቀርም።

ሰዓት ቆጣሪ፦ እኔ ደግሞ ገንዘቡን እጠይቃለሁ። ቀለም የሚቀባበት ወጪ ቴፓቸው ተደምስሶ የጠፉትን የዶክተር ሁ ክፍሎች ቅጂ መፈለጊያ ቢሆንስ? በ2013 ይፋ የሆኑት 9 የጠፉ ክፍሎች የተገኙት ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ ነው። «ዘ ቱም ኦቭ ዘ ሳይበርመን» የተባለው የዶክተር ሁ ታሪክ በሙሉ የተገኘው ሆንግ ኮንግ ነው። ኢትዮጵያም ዶክተር ሁን ከገዙት አገሮች አንዷ ነበረች።

ቀይ ቁልፍ፦ አሁን ጥሩ ቦታ ደረስን። የድሮ የፊልም ቆርቆሮ እጁ የገባ ሰው ምን ያድርግ?

ሰለሎይድ፦ መጀመሪያ ያሽተው። የሆምጣጤ ሽታ ካለው ፊልሙ መበስበስ ጀምሯል፤ ጤነኛውንም ስለሚበክል ለብቻው፣ አየር በሚያገኝበት ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ላስቲክ ውስጥ አይታሸግ፣ ጋዙ ሲታፈን ይብስበታል። የ25 ደቂቃ ክፍል በ16 ሚሊሜትር ወደ 285 ሜትር ይሆናል፤ ጥቅሉ ከዚያ በጣም ካነሰ ክፍሉ ጎዶሎ ነው። ቆርቆሮው ላይ ያለው ስም አይታመን፣ ቆርቆሮ ይቀያየራል። ንጹሕ የጥጥ ጓንት አድርጎ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሜትር ብቻ ቀስ አድርጎ እየፈታ፣ ጠርዙን በጠርዙ ይዞ፣ ብርሃን ላይ ርዕሱን ያንብብ፣ በስልክም ፎቶ ያንሣ። ፕሮጀክተር ላይ ግን ፈጽሞ አይጫን፤ ከተኮማተረ ቀዳዳዎቹ ከማሽኑ ጥርስ ጋር አይገጥሙም፣ ከመጀመሪያው ሜትር ጀምሮ እየተረተረ ይሄዳል።