የዘር ሐረጌን ከየት ልጀምር?

ጠያቂ፦
ሰላም ወገኖች። የምኖረው ዲሲ ነው፣ አባቴ የጎጃም ሰው ነው። እስከ ቅድመ አያቴ ስም አውቃለሁ፣ ከዚያ በላይ ጨለማ ነው። እዚህ ያሉት ድረ ገጾች የቤተሰብ ስም አምጣ ይሉኛል፣ እኛ ደግሞ የለንም። ምን ይሻለኛል?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ድረ ገጹን ለጊዜው ተወውና ለትልልቅ ዘመዶችህ ደውል፣ ድምፃቸውንም ቅዳ። ለጋብቻ ሲባል ሰባት ቤት ይቆጠር ስለነበር የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። የጎጃም ከሆንክ ደግሞ ስለ ርስት ጠይቅ። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ሰው መሬት የሚጠይቀው ከአቅኚው አባት፣ ማለትም መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ሰው፣ መወለዱን በእናትም በአባትም ቆጥሮ ነበርና፣ በርስት የተከራከሩ ሽማግሌዎች ሐረጉን በቃላቸው ይዘውታል። ይሄ ከየትኛውም መዝገብ ይበልጥብኛል።

መልስ 2፦
ልክ ነው። ዓመት ሲጠፋባቸው ግን አታስጨንቃቸው፣ ምን ሲሆን እንደተወለዱ ጠይቅ። የኅዳር በሽታ (ያ የጉንፋን ወረርሽኝ) ካሉህ 1911 ነው፣ ጣሊያን ሲገባ ካሉህ 1928። ሁሉም በእኛ አቆጣጠር ነው፣ እዚያ ስትመዘግብ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መጨመር እንዳትረሳ። የክርስትና ስምም ጠይቅ፣ እኔ አያቴን በዓለም ስሟ ብቻ ስፈልግ ብዙ ደክሜያለሁ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ዳንግላ ያለችው አክስቴ ጋ ዛሬውኑ እደውላለሁ።