የኮሪያዎቹ ውሃ የጠገበ ፊት በባህር ዳር በጋ ይሆናል ወይ?

የጣና_ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ የኮሪያ ድራማ የምታዩ ታውቁታላችሁ፣ ፊታቸው ወዙ ራሱ ያበራል፣ መስታወት ቆዳ የሚሉት ማለት ነው። እኔም ሃያሉሮኒክ አሲድ ያለው ሴረም ገዝቼ ጠዋት ጠዋት እቀባለሁ ግን የካቲት መጋቢት ላይ አየራችን ደረቅ ነው እና እኩለ ቀን ሲሆን ፊቴ ውጥርጥር ይላል አፌ ዙሪያ ይላላጣል። ሴረሙ ነው አየሩ? ደግሞ አንድ ሱቅ የኮሪያ ነው ብለው ምንም ያልተጻፈበት ቅልቅል ክሬም አሳይተውኛል፣ በሳምንት ፊት ያጠራል አሉኝ፣ ልግዛው?

ፋርማሲ14፦ እህቴ በናትሽ እንዳትገዢው!! እንደዚህ አይነት ቅልቅል ውስጥ ብዙ ጊዜ ክሎቤታሶል የሚባል ጠንካራ የስቴሮይድ መድሃኒት፣ ሃይድሮኪኖን የሚባል ቆዳ ማንጫ፣ አንዳንዴም ሜርኩሪ ይገኛል፣ መጀመሪያ ጥርት ያደርግሽና ቆይቶ ቆዳሽ ይሳሳል፣ ብጉር ያወጣል፣ ስታቆሚው ይብሳል። ሴረሙ ግን ችግር የለበትም፣ ሃያሉሮኒክ አሲድ ያገኘውን ውሃ ይይዛል እንጂ ከየትም አያመጣም። ሴኡል ሐምሌና ነሐሴ ዝናብና ወበቅ ስለሆነ አየሩም ያግዛቸዋል፣ ታህሳስና ጥር ግን ደረቅ ብርድ ነው፣ ያኔ እነሱም ከላይ ወፈር ያለ ክሬም ይደርባሉ። አንቺም ታጥበሽ ፊትሽ ሳይደርቅ ሴረሙን፣ ወዲያው ክሬም፣ ሴራሚድ (የቆዳን እርጥበት የሚጠብቅ ቅባት) ያለው ካገኘሽ አሪፍ ነው።

ሰላም_ዘጌ፦ ሴረም ውድ ነው ለምትሉ ግሊሰሪንም ውሃ ይይዛል፣ የኮሪያዎቹን ቶነር (ፊት ከታጠቡ በኋላ የሚቀባ ፈሳሽ) ጀርባ አንብቡ ብዙዎቹ ላይ ግሊሰሪን አለ። ብቻ በውሃ አቅጥኑት፣ እንዳለ በደረቅ ፊት ከተቀባ ከራሱ ከቆዳው ውሃ ሊስብ ይችላል።

ጠይሟ፦ ጸሃዩን ማንም አላነሳውም እኮ! ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ጀልባ ላይ ስትሆኑ ደግሞ ከሐይቁ የሚመለሰውም አለ፣ ማድያት ያለባት ሴት ያለ ሰንስክሪን (የጸሃይ መከላከያ ክሬም) ሴረም ብትደራርብ ምን ዋጋ አለው? ኤስፒኤፍ (ከጸሃይ የመከላከል መጠኑ) 50 የሆነ፣ ነጭ የማይተው፣ ከቤት ስትወጡ ቀቡ፣ ውጭ ከዋላችሁ በየሁለት ሰዓቱ ድገሙት። ሌላው ኮሪያዎቹ ነጣ ያለ ፊትም ይወዳሉ፣ እሱን ለነሱ እንተወው። ማብራቱ ከቀለም ጋር አይገናኝም፣ ቆዳው ለስልሶ እርጥበት ሲይዝ ብርሃን እኩል ስለሚመልስ ነው፣ ጠይም ፊት ላይ እንደውም ጎልቶ ነው የሚታየው።

የጣና_ልጅ፦ ተባረኩ፣ ክሬሙን ትቼዋለሁ። ማታ ቫዝሊን ብደርብበት ብጉር አያወጣብኝም?

ፋርማሲ14፦ ቫዝሊን ብቻውን ቀዳዳ አይደፍንም፣ ግን ፊትሽ ቅባታም ከሆነ የሚላላጠው ቦታ ላይ ብቻ ስስ አርገሽ ቀቢው።