ኤዲሰን ፎኖግራፍና ሦስት ዓይነት ሲሊንደር፦ ከማጫወቴ በፊት ምን ልፈትሽ?

ማርቆስ ሰፈር

ሰላም ወገኖች። ደብረ ማርቆስ ነኝ። እጄ ላይ ያለው ኤዲሰን ስታንዳርድ የሚባል፣ ድምፅ የተቀረጸበትን ቱቦ መሰል ሲሊንደር የሚያጫውት የድሮ ማሽን ነው፤ ማኖቬላው፣ ቺንጋውና ጡሩንባው አሉ። መርፌ በያዘችው ክብ ራስ ላይ የላቲን «ሲ» ፊደል ተመትቷል። ሲሊንደሮቹ ሰባት ጥቁር፣ ሦስት ሰማያዊና አንድ ቡናማ ናቸው። ከሰማያዊዎቹ ሁለቱ ዘንጉ ላይ እስከ መጨረሻው አይገቡም። ቡናማው ነጭ ነጠብጣብ አውጥቷል፣ ጠርዙ ላይም ጽሑፍ የለውም። ማሽኑ ባዶውን ሲዞር ይፈጥናል፣ ይዘገያል፤ በየመሃሉ ከሆዱ «ዱብ» የሚል ድምፅ ይወጣል። ገና ምንም አላጫወትኩም። ከምን ልጀምር?

ባለሞላ

አለማጫወትዎ ደግ ነው። ማሽኑ ይቆይዎትና መጀመሪያ ሲሊንደሮቹን ይለዩ፤ የሚያበላሻቸው ያልተስማማ መርፌ ነውና።

«ሲ» ራስ የተሠራችው 2 ደቂቃ ለሚጫወት የሰም ሲሊንደር ነው። የ2 ደቂቃው በአንድ ኢንች 100 መስመር አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1908 የመጣው የ4 ደቂቃው ደግሞ 200። በሰዓት ሠሪ ማጉያና በማስመሪያ ይቁጠሩ፦ በአንድ ሚሊ ሜትር አራት ገደማ ከሆነ 2 ደቂቃ ነው፣ ስምንት ገደማ ከሆነ 4 ደቂቃ። ጥቁር ሁሉ አንድ ነው ብለው እንዳይሸወዱ፤ የ4 ደቂቃ ሰምም ጥቁር ነው፣ ያውም ከሁሉ ተሰባሪው እሱ ነው። ጠርዙ ላይ ከርዕሱ ጋር 4 ቁጥር ካዩ ለብቻው ያስቀምጡት። የ«ሲ» መርፌ ለእሱ መስመር ወፍራም ናት፤ በዚያ ላይ የ2 ደቂቃ ጥርስ ራሷን በእጥፍ ፍጥነት ስለሚነዳት ግድግዳውን እየጣሰች ትዘላለች።

ሰማያዊዎቹ ብሉ አምበሮል የሚባሉት የኤዲሰን ሲሊንደሮች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ የወጡ፣ ላያቸው ሴሉሎይድ ውስጣቸው ጀሶ፣ ሁሉም 4 ደቂቃ። ፋብሪካው ለእነሱ ያወጣው ባለ አልማዝ ራስ ነው። ያ ራስ ከባድ ስለሆነ ሰም ላይ ፈጽሞ አይቀመጥም።

የ«ሲ» ራስ መርፌ የሆነችውን የሰንፔሯን ጫፍም በዚያው ማጉያ ይዩ። ከተሸረፈች ሰሙን ታርሰዋለች፤ ተጫውቶ ያለቀው ጥቁር ሲሊንደር ግራጫ መስሎ የሚታየው በዚሁ ነው።

ጮቄ

ዱብ የሚለው ሞላው ነው። የድሮው ግራሶ ደርቆ ጥቅልሎቹን አጣብቋቸዋል፤ ሲላቀቁ በአንድ ጊዜ ስለሆነ ማሽኑ ይደነግጣል። መድኃኒቱ ሞላውን አውጥቶ በነጭ ጋዝ ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅና ግራፋይት ያለበት ግራሶ ስስ አድርጎ መቀባት ነው። ግን ማሽኑ ራሱ እስኪቆም ሳይለቁት አንድ ብሎን እንዳይነኩ! ቆሞም ቢሆን ሞላው ከቤቱ ሲወጣ ጣት ይቆርጣል። ወፍራም ጓንት ያድርጉ፤ ካልለመዱት ለሰዓት ሠሪ ይስጡት።

የፍጥነቱ ነገር ሌላ ነው። ሞላው ከጸዳ በኋላ የቆዳ ቺንጋውን ይዩ፤ ዘይት ከጠጣ ይንሸራተታል። ቀጥሎ ሦስቱ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ክብደቶች የተንጠለጠሉባቸውን ስስ ብረቶች ይዩ፤ አንዱ እንኳ ከተጣመመ መዋዠቁ አይቆምም። የመቆጣጠሪያውን ዲስክ የምትነካው ትንሿ ቆዳ ከደረቀች አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃታል።

ልኩ በደቂቃ 160 ዙር ነው። ዘንጉ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፈው በ15 ሰከንድ 40 ጊዜ ሲያልፍ ይቁጠሩ፤ ካነሰ ወይም ከበዛ በፍጥነት ማስተካከያው ብሎን ትንሽ በትንሽ። የድሮ ቡናማዎች ብዙዎቹ ከዚህ ቀስ ባለ ፍጥነት የተቀረጹ ናቸው።

መርፌ በያዘችው ራስ ውስጥ ድምፅ የምታወጣውን ስስ ገበታ ከላይና ከታች የያዙት የጎማ ጋርኒሲዮኖች እንደ ድንጋይ ደርቀው ከሆነ ድምፁ ይንጫጫል። ቀለበቷን ፈተው በለስላሳ ስስ ጎማ ይተኳቸው። ፒንሳ አይጠቀሙ።

ማርቆስ ሰፈር

እግዜር ይስጥልኝ። ቆጠርኩት፤ ከሰባቱ ጥቁሮች ሁለቱ 4 ቁጥር አላቸው። የሻገተውን ቡናማ በምን ልጥረገው? እነዚያ የማይገቡት ሰማያዊዎችስ?

ባለሞላ

ሰማያዊዎቹን በጉልበት አይግፏቸው፤ ጀሶው እርጥበት ጠጥቶ አብጦ ነው። ሾጠጥ ባለ እንጨት ላይ ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት ለጥፈው ውስጡን ዙሪያውን እኩል ይፋቁ፤ በየጊዜው እየለኩ። በአንድ ወገን ብቻ ከፋቁት መሃሉን ስቶ ድምፁ ይወላገዳል። ጀሶ ውሃ አይነካውም። ደግሞም ሰማያዊዎቹ ቢገቡ እንኳ ማሽንዎ የ4 ደቂቃ ጥርስ ከሌለው አይጫወቱም። ኤዲሰን አሮጌዎቹን ስታንዳርዶች ወደ 4 ደቂቃ የሚቀይር ጥርስና «ኤች» ራስ ይሸጥ ነበርና ምናልባት ተገጥሞለት ይሆናል፤ የዘንጉን ጫፍ ይዩ።

ቡናማውን በባትሪ ውሃ፣ አሲዱን ሳይሆን የተጣራውን፣ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ በመስመሩ አቅጣጫ ቀስ ብለው ይጥረጉ። አልኮልና ቤንዚን ሰም ያበላሻሉ።

ጣና ዳር

በዚህ ከባለሞላ አልስማማም። ሻጋታ ሰሙን ይበላዋል፤ ነጩ ቢጠረግም ጉድጓዱ ይቀራል፣ ጨርቁ ደግሞ የተረፈውን መስመር ይዞ ሊሄድ ይችላል። ለጥቁሮቹ የባትሪ ውሃው ይሁን፤ ቡናማው ግን ምንም አይነካ።

ምክንያት አለኝ። የፋብሪካ ጥቁር ርዕሱን ጠርዙ ላይ ይዞ ይመጣል። ርዕስ የሌለው ቡናማ ሰም ግን ቤት ውስጥ የተቀረጸ ሊሆን ይችላል፤ እነዚህ ማሽኖች ራስ ቀይረው ይቀርጹም ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1898 ለአጼ ምኒልክ በሲሊንደር ድምፅዋን ልካ፣ ምኒልክና ጣይቱም በሲሊንደር ነው የመለሱላት። የእርስዎ እንዲህ ያለ ነው ማለቴ አይደለም፤ ምናልባት የፈረንጅ ዘፈን ብቻ ይሆናል። ግን ቅጂ የሌለው ከሆነ በ«ሲ» ራስ አንድ ጊዜ ማጫወት እንኳ ይፍቀዋል። ቀላል ክንድ ባለው የኤሌክትሪክ ማንበቢያ እስኪቀዳ ይቆይ። ርዕስ ያላቸውን ለመስማት ከሆነ የሳንታ ባርባራው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከ10,000 በላይ ሲሊንደሮች ቀድቶ በኢንተርኔት በነፃ አስቀምጧል፤ በጠርዙ ቁጥር ይፈልጉ፣ የራስዎን ሳያደክሙ ይሰማሉ።

የእኛ ክረምት ለሻጋታ ድግስ ነው። ፌስታል ውስጥ አይቋጥሩ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቆጥ ላይም አይስቀሉ። ቀጥ ብለው ይቁሙ እንጂ አይጋደሙ፤ የሻገተው ከሌሎቹ ይለይ። ሲያነሱ ሁለት ጣት ከውስጥ አስገብተው ይወጥሩ፣ ውጪውን አይንኩ።

ጮቄ

እኔም ከጣና ዳር ጋር ነኝ። ለመቅዳት ወደ አዲስ አበባ ከላኩት ደግሞ መንገዱን ያስቡበት፦ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ሙቀቱ ሌላ ነው፣ ጎሐ ጽዮን ሲወጡ ደግሞ ብርድ። ሰም ድንገተኛ ለውጥ ሲያገኘው ይሰነጠቃል። ፖርቶመጋላ ላይ አይጫን። ጋቢና ውስጥ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ማለዳ በሚነሳ መኪና ይሂድ፤ የሚቀበለውም ሰው እስከ ማግስቱ ሳጥኑን አይክፈት።