የእናቴን ኮሌስትሮል ማን ይያዝልኝ?
ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። ግራ ገብቶኛል፤ እስቲ ምከሩኝ።

እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ስትመረመር ኤልዲኤል የሚሉት መጥፎው ኮሌስትሮል 196 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ስታቲን ከሚባሉት ኮሌስትሮል ቀናሽ ክኒኖች አንዱን፣ አቶርቫስታቲን 40 ሚሊግራም አዘዘላት። ከሁለት ወር በኋላ ጭኗንና ትከሻዋን ያማት ጀመር። መድኃኒት ቤት ያለው ልጅ «ከክኒኑ ሊሆን ይችላል፣ ሐኪሟን አማክሩ» አለን። ቀጠሮዋ ግን ገና ሦስት ወር ይቀረዋል። ጤና ጣቢያ ግፊቷን የምትለካላት ነርስ ኮሌስትሮል እንዳለባት እንኳ አታውቅም። ጎረቤታችን ደግሞ «ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ይበቃታል» ብላ አረፈች። እናቴ የማንን እንደሰማች ገምቱ። ክኒኑን መሶብ ሥር ደብቃው አገኘሁት!

ጾሙስ እሺ፣ ቅቤ የለም። ጉዱ ፋሲካ ሲመጣ ነው። «ቅቤ ያልገባበት ዶሮ ወጥ ምኑን ዶሮ ወጥ ሆነ?» ትለኛለች። መልስ የለኝም።

ሐኪም፣ ነርስ፣ ፋርማሲስትና የአመጋገብ ባለሙያ በቡድን ሆነው አንድ ታካሚ የሚከታተሉበት አሠራር እንዳለ አውቃለሁ። ነርሷ ታካሚዋ መድኃኒቱን መውሰዷን ታያለች፣ ፋርማሲስቱ የጎንዮሽ ጉዳቱን ይከታተላል፣ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል ወይም በሌላ ስታቲን ይቀይራል። እኛ ቤት ግን ቡድኑ እኔ ብቻዬን ነኝ። ውጤቷን በስልኬ አንስቼ ከአንዱ ወደ አንዱ እሮጣለሁ።

ጎንደር ውስጥ እንዲህ ተነጋግረው የሚሠሩበት ቦታ የምታውቁ አላችሁ? ከሌለስ ቀጠሮዋን ለማስቀደም መጀመሪያ ማንን ልለምን፣ ነርሷን ወይስ ፋርማሲስቱን? ክኒኑ ጡንቻን ክፉኛ ሲጎዳ ሽንት ይጠቁራል ይባላል፤ የእናቴ ሽንት ግን አልጠቆረም፣ ድካምም የላትም። ሕመሙ ግን አሁንም አለ።