ጦስኝን በማር ለመዘፍዘፍ እርጥቡ ይሻላል ወይስ ደረቁ?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከላሊበላ አካባቢ የመጣ አንድ ኪሎ ነጭ ማርና ከመንዝ የተላከልኝ ጦስኝ አለኝ። ሁለቱን አዋሕጄ ዳቦ ላይ የሚቀባ፣ ለሻይም የሚሆን ማር ማዘጋጀት እፈልጋለሁ። ጦስኙ ከፊሉ እርጥብ፣ ከፊሉ የደረቀ ነው፤ የትኛውን ልጠቀም? ማሩን በእሳት ማሞቅስ ያስፈልጋል? እናቴ ነጭ ሽንኩርትም እንድጨምርበት ትመክረኛለች። በቤታችን የስምንት ወር ሕፃን ስላለች ለእርሷም መቅመስ ይቻል እንደሆነ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

ንብ አናቢ፦
ደረቁን ይጠቀሙ። ንቦች ከአበባ የቀሰሙትን ፈሳሽ የውኃ መጠኑ ወደ 18 በመቶ ገደማ እስኪወርድ ድረስ በክንፋቸው እያራገቡ ያደርቁትና የማሩን እንጀራ በሰም ይከድኑታል፤ ማር ሳይበላሽ ለዓመታት የሚቆየውም በዚህ ድርቀቱ ምክንያት ነው። እርጥብ ቅጠል ሲገባበት ግን የቅጠሉ ውኃ ወደ ማሩ ይወጣል፣ ማሩም ይቀጥንና መብላላት ይጀምራል። ጠጅ ጣዮች ማሩን በውኃ የሚበጠብጡት ይህንኑ ፈልገው ነው፤ እርስዎ ግን የሚፈልጉት ጠጅ አይደለም። ስለዚህ እርጥቡን ጦስኝ ጥላ ባለበትና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አስጥተው፣ በጣት ሲፈተግ እስኪደቅ ድረስ ያቆዩት።

ለአንድ የሻይ ብርጭቆ ማር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ጦስኝ ይበቃል። በንጹሕና በደረቀ ጠርሙስ ውስጥ ያድርጉት፤ ቅጠሉ ወደ ላይ ስለሚንሳፈፍ በየቀኑ ጠርሙሱን ይገልብጡት። ከአንድ ሳምንት በኋላ እየቀመሱ፣ መዓዛው ሲበቃዎት በወንፊት ያጥልሉት።

እሳት ላይ አይጣዱት። ነጭ ማር ቶሎ የሚረጋ በመሆኑ ማላላት ካስፈለገ ጠርሙሱን ከ40 ዲግሪ በማይበልጥ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ማቆም በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሞቅ የማሩ የራሱ መዓዛ ይጠፋል። የማር ምርጫዎን ግን በጣም ወድጄዋለሁ፤ ነጭ ማር ጣዕሙ ለስላሳ በመሆኑ ጦስኙን ያጎላዋል፣ የግራዋ ማር ቢሆን ኖሮ ምሬቱ ይውጠው ነበር።

የምግብ ደኅንነት ባለሙያ፦
ለሕፃኗ ፈጽሞ አይስጡ። ማር፣ የተቀመመም ሆነ ያልተቀመመ፣ አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የተባለውን ብርቱ ሕመም የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘር በማር ውስጥ ሊገኝ ይችላል፣ የሕፃን አንጀትም ሊከላከለው አይችልም። ማሩን በቤት ውስጥ ማሞቅ ይህን ዘር አይገድለውም። እናትዎ ይህን በቀጥታ እንዲሰሙ እለምናለሁ፤ ለሕፃን ማር ማቅመስ በብዙ ቤት የተለመደ ነውና።

ነጭ ሽንኩርትም ውኃ የበዛበት ከመሆኑ በላይ ያው ባክቴሪያ ከአፈር ጋር ሊመጣበት ይችላል። ስለዚህ በማር ዘፍዝፎ መደርደሪያ ላይ ለወራት ማቆየትን አልደግፍም፤ ከፈለጉ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ቀላቅለው ይጠቀሙ። ጤና አዳም ለመጨመር የምታስብ ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ ትተወው፤ ማሕፀንን የማነሣሣት ባሕርይ አለው።

የወጥ ቤት ባለሙያ፦
ዝንጅብል የሚወዱ ከሆነ በስሱ ተቆርጦ በደንብ የደረቀውን ይጨምሩ። በእኔ ግምት ግን ከጦስኝ ጋር የሚስማማው ኮረሪማ ነው፤ ፍሬውን ከልባሱ አውጥተው በጥቂቱ ከሰነጠቁት በኋላ ይዘፍዝፉት። ቅርንፉድ ከሆነ ሁለትና ሦስት ራስ ብቻ ያድርጉ፣ እርሱንም በጥቂት ቀን ውስጥ ያውጡት፤ ሌላውን ጣዕም ሁሉ ይሸፍናልና።

የጦስኝ ማር ከዳቦ ይልቅ ትኩስ አምባሻ ላይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በብርዝ ይጣፍጣል፤ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠው ወዲያው ይጠጡት። ያጠለሉትንም ቅጠል አይጣሉት፤ ማር እንደያዘ ሻይ ያፍሉበት።